የፍሪጌቷ ኤርሚዮን ሞዴል

ኤርሚዮን የተባለችው የጦር መርከብ በፈረንሳይ የሮሽፎር መርከብ መሥሪያ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1779 ባሕር ላይ ወረደች። ዋና ትጥቋ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥይት የሚተኩሱ 26 መድፎች ነበሩ። ስሟን ያስጠራው ግን መድፉ ሳይሆን ተሳፋሪዋ ነው፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወቅት፣ በ1780፣ ፈረንሳዊውን መኮንን ላፋዬትን ይዛ ከ38 ቀን ጉዞ በኋላ ኤፕሪል 28 ቦስተን ገባች። እሱም የፈረንሳይ ጦር ለእርዳታ እየመጣ መሆኑን ለአሜሪካ ጦር አዛዥ ለጆርጅ ዋሽንግተን አበሰረ። በጁን ከእንግሊዟ የጦር መርከብ ከአይሪስ ጋር ስትታኮስ አዛዧ ላቱሽ-ትሬቪል ክንዱን ቆሰለ። በ1781 ደግሞ ከፈረንሳዊው ካፒቴን ላፔሩዝ መርከብ ከአስትሬ ጋር ሆና በኬፕ ብሬተን አቅራቢያ ተዋጋች።

አወዳደቋ ግን የጀግና አልነበረም። በ1793 በፈረንሳይ ሌ ክሯዚክ አጠገብ፣ የጠላት ጥይት ሳይነካት፣ ከቋጥኝ ተላትማ ተሰበረች። ጦር ፍርድ ቤቱ ካፒቴኑን ነጻ አውጥቶ ጥፋቱን በመንገድ መሪው ላይ ጣለ።