የመርሳት በሽታ መድኃኒት በምን ይመዘናል?

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በታችም የሚመጡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በኅዳር ወር 1901 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አሎይስ አልዛይመር የተባለው ሐኪም የ51 ዓመት ሴት በሽተኛ በፊቱ አስቀምጦ ይጠይቃት ነበር። ስሟን ቢጠይቃት «አውጉስተ» አለች፤ የባሏን ስም ቢጠይቃት ያንኑ የራሷን ስም መለሰች። እርሳስና ቍልፍ ሲያሳያት ስማቸውን አላጣችውም፤ ጥቂት ቈይቶ ምን እንዳየች ሲጠይቃት ግን ሁሉንም ረስታዋለች።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ በጽሑፍ መዘገበ እንጂ በነጥብ አልለካውም። በነጥብ የመለካቱ ሥራ በሚገባ የተጠናከረው ብዙ ዘመን ቈይቶ ነው። በ1968 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮት የተባሉት ሊቃውንት ሕሙማኑ በሕይወት ሳሉ ያገኙትን ነጥብ፣ ከሞቱ በኋላ በአንጎላቸው ውስጥ ከተቈጠረው የዝቃጭ ነጠብጣብ ብዛት ጋር አስተያይተው ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን አሳዩ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ፎልስታይንና ጓደኞቹ ሚኒ-ሜንታል የተባለውን ባለ30 ነጥብ አጭር ፈተና አወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዓለም» የሚል ትርጕም ያለውን ባለ5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል እንዲናገሩ የሚጠይቅ ሲሆን 5 ነጥብ ያሰጣል። የእኛ «ዓለም» ግን 3 ፊደል ብቻ ነው! ዓመተ ምሕረቱን ለሚጠይቀው ጥያቄም የአገራችን ሽማግሌ በራሱ አቈጣጠር ቢመልስ፣ ፈታኙ ካላወቀ በቀር ስሕተት ይሆንበታል። ፊደል ያልቈጠረ ሰውማ ሳይታመምም ነጥብ ያጣል።

ለመድኃኒት ሙከራ ዋና መለኪያ የሆነው ግን በ1984 ዓ.ም. ሮዘን፣ ሞስና ዴቪስ ያወጡት አዳስ-ኮግ ነው። ይህ ፈተና 11 ክፍሎች ሲኖሩት ከ0 እስከ 70 የሚቈጥረው ስሕተትን ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ በበዛ መጠን በሽታው ጸንቷል ማለት ነው። በሽተኛው 10 ቃላት አንብቦ እንዲያስታውስ፣ የጣቶቹን ስም እንዲናገር፣ ደብዳቤ አጥፎ በፖስታ ከቶ አድራሻ እንዲጽፍ ይታዘዛል።

ፈተናው ብዙም ሳይቈይ ከባድ ኃላፊነት ወደቀበት። በ1986 ዓ.ም. ታክሪን የተባለው መድኃኒት በ17 ሕሙማን ላይ ድንቅ ውጤት አሳየ ተብሎ ስለ ታተመ የሕሙማን ቤተ ሰቦች በተስፋ ተነሡ፤ የሙከራው አሠራር ግን ብርቱ ትችት ደረሰበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1990 ዓ.ም. ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ሁለት ማስረጃ ጠየቀ፤ ይኸውም አንዱ የአእምሮ ፈተና ነጥብ፣ ሁለተኛው ሐኪሙ በሽተኛውን በጠቅላላ አይቶ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የመመሪያው ብልኅነት ነው፤ ነጥብ ብቻውን ከፍና ዝቅ ሊል፣ በሽተኛው ግን በቤቱ ያው እንደ ነበረ ሊኖር ይችላልና።

ታክሪን በ1993 ዓ.ም.፣ ዶነፔዚል በ1996 ዓ.ም. ተፈቀዱ። ዶነፔዚል በ24 ሳምንት ሙከራ ከባዶው ክኒን ያሳየው ብልጫ ከ70ው 3 ነጥብ ያህል ነበር። ለመሆኑ 3 ነጥብ ምንድር ነው? ሦስት ቃል ማስታወስ ነው ወይስ ልጅን በስሙ መጥራት? አዳስ-ኮግ ይህን አይለይም። በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 565 ሕሙማንን የያዘ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚያ ጥናት ዶነፔዚል በሚኒ-ሜንታል ያስገኘው ብልጫ 0.8 ነጥብ ሲሆን፣ በ3 ዓመት ውስጥ ወደ መጦሪያ ቤት የገቡት መድኃኒቱን ከወሰዱት 42 ከመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት 44 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። መድኃኒቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቤተ ሰብ የሚጨነቅበትን ጕዳይ ፈተናው አልጠየቀም።

ሌላም ችግር መጣ። አዳስ-ኮግ በሽታቸው ለታወቀ ሕሙማን የተሠራ ስለ ሆነ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን ገና ከጅምሩ ለመያዝ ሲነሡ ብዙዎቹን ክፍሎች ሕሙማኑ ያለ ስሕተት ያልፏቸው ጀመር። ስለዚህ በሽተኛውንና የቅርብ ሰውን አነጋግሮ ከ0 እስከ 18 የሚሰጠው ሲዲአር የተባለው መለኪያ የዋናነቱን ቦታ ያዘ። በ1,795 ሰዎች ላይ የተሞከረውና በ2023 ዓ.ም. ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብ በዚህ መለኪያ በ18 ወር ያሳየው ብልጫ 0.45 ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ያህል ልዩነት በሽተኛውም ሆነ ዘመዱ ልብ ሊለው አይችልም ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ በሽታው ለጥቂት ወራት እንኳ ቢዘገይ ዋጋ አለው ብለው ይከራከራሉ።