ድባቴ በዘር ይተላለፋልን? የቤተሰብ ታሪክና እርዳታ የመሻት ጊዜ

ድባቴ የገባበት ቤተሰብ ሁለት ጥያቄ ያስጨንቀዋል፦ «ሕመሙ ለልጆቻችንም ይተርፍ ይሆን?» እና «ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብን መቼ ነው?»። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሁለቱ ጥያቄዎች አይነጣጠሉም የሚል ነው። በቤተሰብ ውስጥ ድባቴ መኖሩ በልጆች ላይ አስቀድሞ የተበየነ ፍርድ አይደለም፤ ቶሎ እርዳታ ለመሻት ግን በቂ ምክንያት ነው።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2000 ፓትሪክ ሱሊቫን፣ ማይክል ኒልና ኬኔት ኬንድለር ቀደም ሲል የተሠሩ የቤተሰብና የመንትዮች ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በድባቴ የታመመ ሰው ለሕመሙ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነትም 37 በመቶ ያህሉ ከዘረመል እንደሚመነጭ ገመቱ። ይህ አኃዝ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። እናቱ የታመመች ልጅ የመታመም ዕድሉ 37 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ አኃዙ የሚገልጸው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ያለውን ልዩነት እንጂ የአንድን ልጅ ዕጣ አይደለም።

ድባቴን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመልም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 102 የዘረመል ልዩነቶችን ለይቷል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ልጄ ይታመም ይሆን?» ለሚል ወላጅ መልስ የሚሰጥ የደም ምርመራ ዛሬ የለም።

አስተዳደግ የሚያመጣውን ለውጥ ጎላ አድርጎ ያሳየው በስዊድን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱ በድባቴ የታመመባቸውን ወንድምና እህቶች አነጻጸሩ፤ አንዱ በተወለደበት ቤት ያደገ፣ ሌላው በጥንቃቄ ለተመረጠ ቤተሰብ በጉዲፈቻ የተሰጠ። ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱት መካከል በጉዲፈቻ ያደጉት ተጋላጭነታቸው 23 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አሳዳጊ ወላጅ ራሱ በድባቴ ሲታመም ወይም ቤቱ በሞት ወይም በፍቺ ሲፈርስ ግን ይህ ጥቅም ጠፋ። ተጋላጭነት ይወረሳል፤ የሚያድጉበት ቤት ደግሞ ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል።

የተደበቀ ታሪክ

በአገራችን ይህን እውቀት በሥራ እንዳናውል የሚያግደን ሐፍረት ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘመዶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ከዘመዶቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሕመሙን መደበቅ እንደሚፈልጉ አሳይቷል። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር በሚጠየቅበት ማኅበረሰብ ይህ አያስገርምም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ታሪኩን ሳያውቅ የሚያድገው ልጅ ነው።

ሐፍረቱ ጤና ጣቢያ ድረስ ይከተላል። በድባቴ የምትሠቃይ እናት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ልብ ምት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት ነው። «በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም አለ?» ብትባል «በዘራችን የለም» ብላ ትዘጋዋለች። «ከቤታችሁ ለወራት ሥራ ያቃተው፣ ከሰው የራቀ፣ ራሱን የጎዳ ሰው ነበር?» ተብሎ በእርጋታ ሲጠየቅ ግን ስለ አባትም ስለ አክስትም መናገር ይቀላል። የጤና ባለሙያው አጠያየቁን ቢያስተካክል የተደበቀው ታሪክ ለሕክምናው ይደርሳል።

መቼ እርዳታ ይሻ?

የሐዘን ስሜት ወይም ከነገሮች ሁሉ ደስታ ማጣት ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ከዚሁም ጋር የእንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ከታከሉበት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። የቤተሰብ ታሪክ ያለው ሰው «ያልፋል» እያለ ሊሰነብት አይገባም፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ ከከባድ ሐዘን ወይም ከስደት በኋላ ራሱን በቅርብ ይከታተል። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ፣ በሽተኛውንም ብቻውን አለመተው ያስፈልጋል።

ከዘመድ መካከል እንቅልፍ ሳያሻው በከፍተኛ ግለትና ንግግር የሚሰነብት ሰው ካለ ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው። ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ለብቻው ሲወሰድ እንዲህ ያለውን ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላልና። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እናቶች በሕክምና ከድባቴ ሲያገግሙ የልጆቻቸውም የአእምሮ ጤና እንደተሻሻለ፣ ያላገገሙት እናቶች ልጆች ግን እንደባሰባቸው አሳይቷል። ለልጁ የሚሰጋ ወላጅ እንግዲህ መጀመሪያ ራሱ ይታከም፤ ልጁም ሲጎለምስ የቤተሰቡን ታሪክ ሳይሸሽግ ይንገረው። ዘረመልን መለወጥ አይቻልም፤ ዝምታውን መስበርና በጊዜ መታከም ግን በእጃችን ነው።