ወጌሻው እንዴት ለማስተርስ በቃ?



ባለፈው ወር በቅዳሜው ትምህርት የትልልቆቹ ክፍል ልጆች «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ተብለው በአማርኛ እንዲመልሱ ተጠይቀው ነበር። ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ ነርስ ሲባል ቆየና አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «እኔ አትሌቲክ ትሬነር» አለች። «በአማርኛስ?» ስትባል ትንሽ አሰበችና «አሠልጣኝ» ብላ መለሰች። ሊወስዷት የመጡት አባቷ ይህን ሰምተው ሣቅ አሉና «ለአሠልጣኝነት ደግሞ ማስተርስ ምን ያደርጋል ልጄ?» አሏት። ልጅቷ ዝም አለች።

ያ ዝምታ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የአባትየው አልነበረም፤ የትርጉሙ ነው። አሠልጣኝ ማለት ኮች ነው፤ ተጫዋች የሚመርጥ፣ ታክቲክ የሚያወጣ። ልጅቷ ያሰበችው ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተጫዋች ወድቆ ሲንከባለል ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ሜዳ የሚገባው ሰውዬ ማን ነበር? ወጌሻው! በአገራችን ስታዲየም ስሙ ይሄው ነው። ከስታዲየሙ በፊትም ወጌሻ በየሰፈሩ ነበረ፤ ወለምታ የሚያሽ፣ ውልቃት የሚመልስ፣ ስብራት በቀርከሃ የሚያስር። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እጅ እያየ ይማራል እንጂ ወረቀት አልነበረውም።

እስቲ ዛሬ ስለ አሜሪካው ወጌሻ ታሪክ እናውራ። የሚገርመው፣ እሱም የተነሣው እዚያው እኛ ከምናውቀው ቦታ ነው፤ ወረቀት ከሌለው እጅ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠራው ጄምስ ሮቢንሰን ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋቾቹን አካል እንዲያዘጋጅለት በ1881 ቀጠረው። የዚያ ዘመን «ትሬነር» ሥራው ማሸት፣ ቅባት መቀባት፣ የውኃ ባልዲ መሸከም ነበር። የሕክምና ትምህርት የለውም፤ የሚጠይቀውም የለም። ጨዋታው ግን ቀልድ አልነበረም። በ1905 ብቻ ቢያንስ 18 ወጣቶች ፉትቦል ሲጫወቱ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። ነገሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ድረስ ሄዶ፣ የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ኋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያስተካክሉ አሳሰቧቸው። የጨዋታው ሕግ ተለወጠ፤ ዛሬ ኤንሲኤኤ የምንለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበርም ከዚያ ግርግር ተወለደ።

ሕግ መለወጥ ግን የተሰበረ እግር አይጠግንም፤ የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። በ1917 ሳሙኤል ቢሊክ የሚባል የሕክምና ተማሪ ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላ ሰዉ «የትሬነሮች መጽሐፍ ቅዱስ» እያለ የሚጠራው ሆነ። በ1920ዎቹ ደግሞ በካንሳስ የክሬመር ወንድማማቾች የማሻ ቅባት እያዘጋጁ ይሸጡ ነበር፤ ከዕቃው ጋር ዕውቀቱንም በጋዜጣና በሥልጠና ያሰራጩ ጀመር።

ሰዎቹ ማኅበር ለማቋቋም የሞከሩት በ1938 ነው። ጦርነቱ መጣና በ1944 ፈረሰ። እንደገና በ1950 መቶ ያህል ሰዎች ካንሳስ ሲቲ ተሰብስበው ዛሬም ያለውን ብሔራዊ የአትሌቲክ ትሬነሮች ማኅበር መሠረቱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «እኛ ማን ነን? ባልዲ ተሸካሚ ነን ወይስ ባለሙያ?»

መልሱን ፍለጋ ከሁሉ በላይ የደከመው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ኒውዌል ነው፤ «ፒንኪ» ይሉታል። ከ1955 ጀምሮ ሙያው ዕውቅና እንዲያገኝ የተቋቋመውን ኮሚቴ መራ። በ1959 የመጀመሪያው ሥርዓተ ትምህርት ጸደቀ። ብልሃታቸውን ልብ በሉ፤ ተማሪው ከዚህ ሙያ ጋር የስፖርት መምህርነት ፈቃድም እንዲይዝ አደረጉት። ለምን? ሃይስኩሎች ለወጌሻ ብቻ ብለው ደመወዝ አይከፍሉም፤ አስተማሪም ከሆነ ግን ይቀጥሩታል። በአዲስ አገር ሥራ ስንፈልግ እኛም የተጠቀምንበት ዘዴ ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ ሌላውን መክፈት።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1969 አራት ዩኒቨርሲቲዎች ዕውቅና አገኙ፤ አንዱ በሚኒሶታ የማንኬቶው ኮሌጅ ነበር። በ1970 የመጀመሪያው የብቃት ፈተና ተሰጠ። በ1971 ቴክሳስ ለሙያው ፈቃድ በመስጠት ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ ቀደመች። በ1972 የመጀመሪያዎቹ የማስተርስ ፕሮግራሞች በአሪዞናና በኢንዲያና ዕውቅና ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ወጥቶ ለሴት ልጆች የትምህርት ቤት ስፖርት በር ሲከፍት፣ ለሴት ባለሙያዎችም ቦታው ሰፋ። ከዚያ በፊት በ1966 ዶቲ ኮኸን የተባለች የማስተርስ ተማሪ የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ነበር። በክፍላችን እጇን ያወጣችው ልጅ ይህን ብታውቅ ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ።

ይሁን እንጂ ለረጅም ዓመታት ወደ ሙያው የሚያስገቡ ሁለት በሮች ነበሩ። አንዱ ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሌላው እንደ አገራችን ወጌሻ አያዩ መማር ነው፤ ልምድ ካለው ባለሙያ ሥር ሆኖ 1500 ሰዓት መሥራትና ፈተና መቀመጥ። በትምህርት ቤቱ በር ለሚገባ 800 ሰዓት ይበቃ ነበር። ሁለተኛው በር ብዙ ጎበዞችን አፍርቷል። ችግሩ፣ ተማሪው የሚያውቀው ያ አንዱ መምህሩ የሚያውቀውን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሰዓት ቆጠራውም ሌላ ጣጣ ነበረው፤ 1500 ሰዓት ውኃ ሲያመላልስ የዋለም፣ 1500 ሰዓት ጉልበት ሲመረምር የዋለም ወረቀታቸው እኩል ነው።

በ1990 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አትሌቲክ ትሬኒንግን እንደ ጤና ሙያ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ሁለት በር ይዞ መቀጠል አልተቻለም፤ በ2004 የልምምዱ በር ተዘጋ። በ2015 ደግሞ የሙያው መሪዎች ትልቁን ውሳኔ ወሰኑ፦ ከእንግዲህ መግቢያው ማስተርስ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ከ2022 መኸር በኋላ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበሉ ተደረገ። እንግዲህ አባትየው «ማስተርስ ምን ያደርጋል?» ሲሉ ልጅቷ ያልመለሰችው መልስ ይህ ነው፤ ያለ ማስተርስ አዲስ ሰው ወደዚህ ሙያ አይገባም።

ውሳኔውን ሁሉም አልወደደውም። ደጋፊዎቹ «ከፊዚዮቴራፒስትና ከሐኪም ጎን ቆሞ የሚሠራ ሰው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ አናቶሚ ጨርሶ መምጣት አለበት» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «ወጪው ይጨምራል፣ ደመወዙ ግን በዚያው ልክ አያድግም፤ የድሃ ልጅ ይቀራል» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። የልጃችሁን የትምህርት ብድር የምትፈርሙ ወላጆች የሁለተኛውን ወገን ክርክር ብትሰሙ አልፈርድባችሁም። ሥራው ማታና ቅዳሜና እሑድ ይበዛበታል፤ ደመወዙ ከሐኪም ጋር አይወዳደርም። ይህን ለልጆቻችን ሳንደብቅ መንገር አለብን፤ ሥራውን ሳናውቅ ማጣጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ማስተርሱ ውስጥ ምን ይማራሉ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የሰውነት አሠራር፣ መድኃኒት፣ ሥነ ምግብ፣ ሥነ ልቦና፣ የጥናት አሠራር ይማራሉ። ከክፍሉ ጎን ለጎን ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር የተግባር ልምምድ አለ። ቢያንስ አንዱ የልምምድ ጊዜ ከአራት ሳምንት የማያንስና ሙሉ ቀን የሚዋልበት መሆን አለበት፤ ተማሪው የባለሙያውን ውሎ እንዳለ ይኖረዋል፤ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ሲጠቀለል፣ ከሰዓት ልምምድ ሲጠበቅ፣ ማታ መዝገብ ሲጻፍ። የሚያክሙትም ስፖርተኛ ብቻ አይደለም፤ ሕፃን፣ አዛውንት፣ በጉልበቱ የሚሠራ ሠራተኛም ያያሉ። ሰዓት መቁጠሩ ቀርቶ ዋናው ነገር «ይህን በእጅህ አድርገህ አሳይ» ሆኗል። በመጨረሻ ብሔራዊው ፈተና አለ፤ ከዚያም የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ሦስት ታሪኮች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የሙቀት ታሪክ ነው። በ2001 የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተጫዋች የነበረው ኮሪ ስትሪንገር በበጋ ልምምድ ላይ ሙቀት መታውና በማግሥቱ ሞተ። ቦታው ማንኬቶ ነበር፤ ያቺው ቀደም ብለን ያነሣናት ከተማ። ዛሬ የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው፦ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላክ። ተጫዋቹን በበረዶ ውኃ በተሞላ ገንዳ ነክሮ ሙቀቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማውረድ ሕይወት ያተርፋል። አምቡላንስ ሲጠበቅ የሚያልፉት ደቂቃዎች የትሬነሩ ናቸው።

ሁለተኛው የጭንቅላት ታሪክ ነው። በ2006 በዋሽንግተን ስቴት የ13 ዓመቱ ዛከሪ ሊስቴት በፉትቦል ጨዋታ ራሱን ተመታ። ትንሽ አርፎ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈ፤ ግን እንደገና ለመናገርና ለመቆም ዓመታት ፈጀበት። በ2009 በስሙ የተጠራው ሕግ በዚያው ክፍለ ግዛት ወጣ፦ የጭንቅላት ግጭት የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ካልፈቀደም አይመለስም። ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች ተከተሉ። በየዓመቱ ልጃችን ሊጫወት ሲል የምንፈርማት ያቺ የጭንቅላት ጉዳት ወረቀት የመጣችው ከዚህ ልጅ ነው። እስቲ እውነቱን እንናገር፤ ስንቶቻችን አንብበናት ፈረምን?

ሦስተኛው የልብ ታሪክ ነው። በጥር 2023 በሲንሲናቲ ዳማር ሃምሊን የተባለ ተጫዋች ደረቱን ተመታና ልቡ ቀጥ አለ። ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ሮጠው ከደረሱት አንዱ የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬነር ዴኒ ኬሊንግተን ነበር፤ ደረቱን እየተጫነ ልቡ እንዲመለስ አደረገ። ሃምሊን ድኖ እንደገና ተጫወተ። ያን የመሰለ እጅ በአንድ ሌሊት አይገኝም፤ ሰው ሳያየው መቶ ጊዜ ተለማምዶታል።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆቻችን ኳስ ይጫወታሉ፣ ይሮጣሉ። ሁሉም ትምህርት ቤት ግን ትሬነር የለውም። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ጠይቁ፦ በልምምድና በጨዋታ ቀን ፈቃድ ያለው አትሌቲክ ትሬነር አለ? ከሌለ፣ ልጅ ሲወድቅ ኃላፊው ማን ነው? የልብ ማስነሻ መሣሪያው የት ይቀመጣል? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከልጆቻችን ጋር ቋንቋ ይኑረን። «ምን ሆንክ?» ስንለው ልጁ በአማርኛ የሚያውቃት አንዲት መልስ ብቻ ናት፤ «ደህና ነኝ»። «ራሴን አዞረኝ»፣ «አጥወለወለኝ»፣ «ብርሃን ረበሸኝ»፣ «ዐይኔ ብዥ አለብኝ» ማለትን ካላስተማርነው ከየት ያመጣዋል? በዚህ ወር በክፍላችን እነዚህን ቃላት እንማራለን፤ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ሎሚ፣ ውልቃት፣ ወለምታም አሉበት። ቤት ውስጥ ደግማችሁ ጠይቋቸው።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ይህን ሙያ ከመረጠ ሁለት ነገር ራሳችሁ አጣሩ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ በሙያው የትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካል የጸደቀ መሆኑን፤ ካልሆነ ለፈተናው አያስቀምጥም። ሁለተኛ፣ ከተማሪዎቹ ስንቶቹ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ፤ ፕሮግራሞቹ ይህን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። አንዳንድ ኮሌጆች ዲግሪውንና ማስተርሱን በአምስት ዓመት የሚያስጨርሱበት መንገድም አላቸው፤ የአንድ ዓመት ወጪ ይቀንሳል።

ባለፈው ቅዳሜ አባትየውን በር ላይ አገኘኋቸውና «የልጅዎ ሙያ እኮ አሠልጣኝነት አይደለም፤ ወጌሻነት ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «የእኔም አያት ወጌሻ ነበሩ፤ ሰው ከሦስት ቀን መንገድ ይመጣላቸው ነበር» አሉኝ። ለልጅቷ ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልነገሯትም።

መኪናው ውስጥ ስትጠብቃቸው ነበር። ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው፤ አባትየው እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው፣ ስብራት እንዴት እንደሚታሰር እያሳዩ ይነግሯት ነበር።

ቸር ያገናኘን፤ መልካም ሰንበት!