የዕፅዋት ማገገም
«የዕፅዋት ማገገም» ማለት በማዕድን ቁፋሮ በተገላበጠና ኋላ በተስተካከለ መሬት ላይ የበቀሉ ዕፅዋት ያለ ሰው ድጋፍ ዘር እየጣሉና እየተተኩ መኖር የሚችሉበት ደረጃ ነው። በአሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የገጸ ምድር ከሰል ቁፋሮ ሕግ የኩባንያው ኃላፊነት ከመጨረሻው የዘር፣ የማዳበሪያና የመስኖ ሥራ በኋላ ለ5 ዓመት፣ ደረቅ በሆኑ አካባቢዎች ደግሞ ለ10 ዓመት እንዲዘልቅ ያዘዘው፣ ይህ ደረጃ በአንድ ክረምት ልምላሜ ስለማይረጋገጥ ነው። ማገገሙን ለመከታተል የሚያገለግለው የሳተላይት ልኬት፣ ጤነኛ ቅጠል ቀይ ብርሃንን መጦ ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚያንጸባርቅ፣ የሁለቱን ነጸብራቅ ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል ይሰላል፤ ይሁንና አረሙን ከአገር በቀሉ ዛፍ ስለማይለይ፣ በመስክ የዝርያ ቆጠራ ካልተደገፈ መሬቱን ሳያገግም አገግሟል ሊያሰኝ ይችላል።