የማኅተም ሰንሰለት፦ ሰነድ ድንበር ሲሻገር



አንድ የልደት ወይም የትምህርት ማስረጃ ከወጣበት አገር ውጭ ሲቀርብ፣ ተቀባዩ ባለሥልጣን የፈራሚውን ማንነት በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መንግሥታት ይህን ክፍተት ለረጅም ዘመን የሞሉት በማረጋገጫ ሰንሰለት ነው፤ የሰጪውን መሥሪያ ቤት ፊርማ የበላዩ አካል ያረጋግጣል፤ የበላዩን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሚኒስቴሩን ደግሞ የተቀባዩ አገር ቆንስላ። በአገራችንም ለውጭ ትምህርት ወይም ሥራ የተዘጋጀ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሄግ የተደረገው ስምምነት ረጅሙን ሰንሰለት በአንድ ቀለበት ተካው። አፖስቲል የተባለው ይህ ማረጋገጫ 10 ተራ ቁጥሮች ያሉት፣ ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ስምምነቱ በ1965 ጸና።

ሆኖም ሁለት ነጥቦችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ አፖስቲልም ሆነ ነባሩ ሰንሰለት የሚመሰክሩት ለፊርማው፣ ለፈራሚው ሥልጣንና ለማኅተሙ እንጂ ለይዘቱ እውነትነት አይደለም። ሐሰተኛ ቃል ትክክለኛ ማኅተም ሊያርፍበት ይችላል። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 12 ነባር አባል አገር አዲስ ገቢውን እንዲቃወም ይፈቅዳል። ህንድ ስትገባ ጀርመን ተቃወመች፤ በዚህም ምክንያት ስምምነቱ በሁለቱ መካከል ሳይጸና ቀረ።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር በመንግሥታት መካከል ያለ መተማመን ነው። መተማመኑ በጎደለ ጊዜ ዕዳውን የሚከፍለው ሰነዱን ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚንከራተተው ዜጋ ነው።