የፉስጣጡ ሐኪም ድባቴ

ድባቴ፣ ማለትም ሰውን ከሥራና ከወዳጅ ነጥሎ ቤት የሚያስቀረው የተራዘመ የመንፈስ ሕመም፣ በታላቋ ካይሮ ታሪክ ውስጥ በታማሚው በራሱ እጅ ተጽፎ የቆየልን ከፉስጣጥ ነው። ታማሚው በ1138 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኮርዶባ ተወልዶ፣ ከተማዋን የያዙትን የሙስሊም ገዢዎች፣ የአልሞሃዶችን፣ ግፍ ሸሽቶ በዚህች የዓባይ ዳር ከተማ የሰፈረው አይሁዳዊ ፈላስፋና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ ነበር።

ማይሞኒደስ ሕመሙ ሳይደርስበት መድኃኒቱን ያውቅ ነበር። በ1168 በፈጸመው የሚሽና፣ ማለትም የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ፣ ማብራሪያው ውስጥ፣ በዘመኑ ከጥቁር ሐሞት መብዛት ይመጣል በሚባለው ማሊንኮሊያ የተያዘ ሰው ዜማ እንዲያዳምጥ፣ በአትክልት ሥፍራ እንዲንሸራሸር፣ ያማሩ ሕንፃዎችንና ሥዕሎችን እንዲመለከት መክሯል።

ከዚያ በኋላ ግን ቤተሰቡን በዕንቁ ንግድ ያስተዳድር የነበረው ወንድሙ ዳዊት ወደ ሕንድ ሲጓዝ ሰጠመ። ዳዊት በቀይ ባሕር ዳር ካለችው የአይዛብ ወደብ የላከው ደብዳቤ፣ የእግዚአብሔር ስም ያለባቸው ያረጁ ጽሑፎች በሚጠራቀሙበት በፉስጣጡ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ጌኒዛ ውስጥ ተገኝቷል፤ በረሃውን እንዴት እንደተሻገረ፣ በወደቡም ከሰማያዊ ማቅለሚያ በቀር የሚገዛ እንዳጣ ነግሮ፣ ወንድሙ ስለ እርሱ እንዳይጨነቅ ይማጸናል። መርዶውን የሰማው ማይሞኒደስ በትኩሳትና በልብ መታወክ አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለ። ከስምንት ዓመት በኋላ በአኮ ከተማ ለሚኖር ወዳጁ ሲጽፍም፣ የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ ባየ ቁጥር ሐዘኑ እንደሚቀሰቀስ፣ የሃይማኖት ትምህርቱና የሳይንስ ጥናቱ ባይዙት ኖሮ በመከራው እንደሚጠፋ ገልጿል።

በ1198 ገደማ የግብፅ ሱልጣን የነበረው የሳላሃዲን የበኩር ልጅ አል አፍዳል በምግብ አለመፈጨትና በትካዜ ተቸግሮ ምክር ሲጠይቀው፣ ማይሞኒደስ ስለ ጤና አጠባበቅ በጻፈለት ድርሳን ውስጥ ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የታማሚውን የነፍስ ሁኔታ እንዲመለከት አሳሰበ፤ ድምፁ ጎላ፣ ፊቱ ፈካ ያለ ሰው ክፉ ወሬ በድንገት ሲሰማ ፊቱ እንደሚጠቁር፣ ድምፁ እንደሚሰልል፣ ወገቡ እንደሚጎብጥ በማስረጃነት አቀረበ። ባለፈ ነገር ማዘን ሰው መልአክ ባለመሆኑ እንደማዘን ከንቱ መሆኑን፣ ለወደፊቱም ከፍርሃት ይልቅ ተስፋ እንደሚሻል አስረዳ። ይህ ምክር ለብቻው ሲነበብ ሐዘን ያልነካው ሰው ቃል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጸሐፊው ራሱ ያለፈውን ለመርሳት ስምንት ዓመት ያልበቃው ሰው ስለነበረ፣ ተግሣጽ ሳይሆን በሕመም የተፈተነ ዕውቀት አድርጎ መቀበሉ ተገቢ ነው።

ማይሞኒደስ በ1204 ሞተ። የነፍስን ሕመም ማከም ግን በእርሱ አላበቃም፤ ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1284፣ ሱልጣን ቀላውን በካይሮ የቢማሪስታን፣ ማለትም የሕሙማን ቤት፣ ግንባታ አስጀመረ፤ በዚያም የአእምሮ ሕሙማን የራሳቸው ክፍል ነበራቸው፤ ወጪው ለበጎ አድራጎት ከተወሰነ ንብረት ገቢ ስለሚሸፈን፣ ባለጸጋውም ድሃውም ያለ ክፍያ ይታከምበት ነበር።