የዝናብ ውኃን በማኅበረሰብ ተሳትፎ ማሰባሰብ፦ የእንጦጦ አካባቢ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ 200 ሜትር ከፍታ አለው፡፡ በሰሜናዊው ተዳፋት የሚወርደው ዝናብ በሙገር በኩል ወደ አባይ፣ በደቡባዊው የሚወርደው ደግሞ በቀበናና በሌሎች ወንዞች ወደ አቃቂና አዋሽ ያመራል፡፡ በአፄ ምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ በቧንቧ የተሳበው ውኃም የእንጦጦ ግርጌ ምንጮች ውኃ ነበር፡፡

ዛሬ ሁኔታው ተገላቢጦሽ ሆኗል፡፡ ለከተማዋ ውኃ የሚሰጡት የለገዳዲና የድሬ ግድቦች እንዲሁም የአቃቂ ጉድጓዶች ከተራራው መንደሮች ዝቅ ብለው የሚገኙ በመሆናቸው፣ ውኃው ሽቅብ የሚደርሰው በፓምፕ ኃይል ነው፡፡ መብራት ሲቋረጥ ወይም ግፊቱ ሲቀንስ አስቀድሞ የሚቸገረው ከፍታው ላይ ያለው ነዋሪ ነው፡፡ ዝናቡ ግን ያለ ፓምፕ ከጣሪያው ላይ ይወርዳል፡፡

በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል፡፡ በአካባቢው በዓመት ከ1 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚጥለውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፡፡ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 32 ሺህ ሊትር ያስገኛል፡፡ ችግሩ ማጠራቀሚያው ላይ ነው፡፡ በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር በቀን የሚጠቀም ባለ 5 ቤተሰብ፣ መስከረም 30 ቀን የሞላ የ10 ሺህ ሊትር ታንከር እስከ ጥር 10 ቀን ብቻ ያደርሰዋል፡፡ ስለሆነም ወጪውን በጋራ መሸፈንና ሰፊ ጣሪያ ካላቸው ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መሥሪያ ቤቶች መጀመር ይመረጣል፡፡

ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎች ክልሎች በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ለዚህ ትምህርት ይሰጣሉ፡፡ ብዙዎቹ ውኃው እየሰረገና እየተነነ፣ የፕላስቲክ ንጣፉም እየተቀደደ ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል፡፡ ቁጥር ለማሟላት መጣደፉ የቦታ መረጣንና የባለቤቱን ፍላጎት ወደ ጎን ያደረገ ነበር፡፡

በእንጦጦ ተዳፋት ክዳን ያለው ታንከር ከኩሬ ይልቅ ይስማማል፡፡ የውኃ ኮሚቴው የቁልፍ ያዥ፣ የክፍያና የጥገና ኃላፊነትን ግንባታው ሳይጀመር ሊወስን ይገባዋል፡፡ የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳውን ስለሚደፍን ከሰኔ በፊት መጠረግ፣ አቧራና የወፍ ኩስ የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብም ታንከር ውስጥ ሳይገባ መፍሰስ አለበት፡፡ ለመጠጥ የሚውለው ውኃ ይፈላል ወይም በክሎሪን ይታከማል፡፡